ለራሴ እንጃ፣ ለእናቴ ግን አሁኑኑ

ለዘላለም መኖር ትፈልጋለህ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ አብዛኛው ሰው ሳያቅማማ «ኧረ ምን ሊያደርግልኝ» ነው የሚለው። ይሰለቻል፣ ይደክማል፣ ሁሉም በጊዜው ሲሆን ነው የሚያምረው ምናምን። እሺ፣ ይሄንኑ ሰውዬ ነገ ጠዋት መሞት ትፈልጋለህ በሉት እስቲ። አይፈልግም። ከነገ ወዲያስ? እሱንም አይፈልግም። ጤነኛ እስከሆነና ኑሮው እስካላንገፈገፈው ድረስ በየቀኑ እየሄዳችሁ ብትጠይቁት በየቀኑ መልሱ «ለዛሬ ይለፈኝ» ነው፣ እንግዲህ ሁሌም ነገን የሚፈልግ ሰው ነገዎቹ ሲደመሩለት አልፈልግም የሚለው ሂሳቡ የቱ ጋ እንደሚፈርስ አይገባኝም። ሰው ልተች አይደለም፣ እኔም ያው ነኝ።

ጥያቄው ራሱም ተንኮለኛ ነው። አንድ ነገር ይመስላል እንጂ ውስጡ ቢያንስ ሦስት የተለያየ ነገር አለ። አለማርጀት አለ። በበሽታ አለመሞት አለ። ደግሞ ቢፈልጉም እንኳ ጭራሽ መሞት አለመቻል አለ። ሰው ስለዚህ ነገር ሲከራከር አንዱ የመጀመሪያውን ይዞ ሌላው የመጨረሻውን ይዞ ነው የሚጯጯኸው፣ ስለዚህ እስኪነጋ ቢያወሩም አይግባቡም።

የጥንት ግሪኮች ይሄን ነገር ቀድመው ነቅተውበታል። ኢዮስ የምትባለው የንጋት አምላክ ቲቶነስ የሚባል ሟች ሰው ትወድና የአማልክቱን ንጉሥ ዜውስን «እንዳይሞትብኝ አድርግልኝ» ብላ ትለምነዋለች፣ ያደርግላታል። ወጣትነቱን አብሮ መለመን ግን ረስታዋለች። ሰውዬው አረጀ፣ ጎበጠ፣ እጅ እግሩ አልታዘዝ አለው፣ መሞት ደግሞ የለም፣ መጨረሻ ላይ ክፍል ተዘግቶበት ሲለፈልፍ የሚውል ድምፅ ብቻ ሆኖ ቀረ። ምርቃት ላይ እድሜና ጤና አንድ ላይ የሚጠሩት ወደው አይመስለኝም፣ የመጀመሪያው ያለ ሁለተኛው እርግማን መሆኑን ያየ ሰው ነው ያጣመራቸው።

ግን ቆይ፣ ማርጀት የግድ ነው እንዴ? ባዮሎጂው ውስጥ ስትገቡ ነገሩ በጣም ይገርማል። እ.ኤ.አ. በ1961 ሊዮናርድ ሄይፍሊክና ፖል ሙርሄድ የሚባሉ ተመራማሪዎች የሰው ጤነኛ ሴሎችን ላብራቶሪ ውስጥ እያሳደጉ ሲከታተሉ ሴሎቹ ከ40 እስከ 60 ጊዜ አካባቢ ከተከፋፈሉ በኋላ በቃን ብለው እንደሚያቆሙ አዩ። ከዛ በፊት ሴል ምቾቱ ከተጠበቀለት ዝም ብሎ ሲራባ ይኖራል ነበር የሚባለው። ኋላ ላይ እንደታወቀው የዘር መረጃችንን የያዘው ክሮሞዞም ጫፉ ላይ ቴሎሜር የሚባል ነገር አለው፣ ሴሉ በተከፈለ ቁጥር ቴሎሜሩ ትንሽ ትንሽ እያጠረ ይሄዳል፣ በጣም ሲያጥር ሴሉ መከፈሉን ያቆማል። ቴሎሜሬዝ የሚባል ያጠረውን መልሶ የሚያስረዝም ኤንዛይም ደግሞ አለ። በዚህ ሥራ ኤልዛቤት ብላክበርን፣ ካሮል ግሬይደርና ጃክ ሾስታክ እ.ኤ.አ. በ2009 ኖቤል ተሸልመዋል። ይሄን ያነበበ ሰው ወዲያው የሚመጣለት «ታዲያ ቴሎሜሬዙን በመርፌ ለምን አንወስደውም?» የሚል ሐሳብ ነው፣ ለእኔም መጥቶልኛል። ችግሩ በዚህ መንገድ አልሞት ያለ ሴል ድሮውንም መኖሩ ነው። አብዛኛው ካንሰር ቴሎሜሬዙን ቀስቅሶ ነው ሳይቆም የሚራባው።

ሄንሪዬታ ላክስ የምትባል አሜሪካዊት ነበረች፣ የ5 ልጆች እናት። እ.ኤ.አ. በ1951 በ31 ዓመቷ በማህፀን በር ካንሰር ሞተች። ሐኪሞቹ ሳያስፈቅዷት ከዕጢዋ ናሙና ወስደው ነበር፣ የሷ ሴሎች ግን እንደሌላው ሰው ሴል በጥቂት ቀን የሚያልቁ አልሆኑም፣ ይኸው እስከዛሬ በየአገሩ ላብራቶሪ እየተባዙ ነው፣ የፖሊዮ ክትባትን ጨምሮ ስንትና ስንት ነገር ተሞክሮባቸዋል። እሷን የገደላት ነገር ነው ሳይሞት የቀረው። «ሳይንስ ሞትን ሊያሸንፍ ነው» የሚል ቪዲዮ ባየሁ ቁጥር የምታስቆመኝ እሷ ነች። ሰውነታችን ውስጥ «እዚህ ላይ ይብቃህ» የሚለው ትእዛዝ ዝም ብሎ ጠላት አይደለም፣ ከዕጢም ይጠብቀናል፣ ያንኑ ትእዛዝ አንስተን ደግሞ ከዕጢ መዳን አለብን። የማይቻል ነው አልልም። ቀላል ነው የሚለኝን ሰው ግን አላምነውም።

ከተፈጥሮ ውስጥ ወደ አለማርጀት የቀረበች ቱሪቶፕሲስ ዶርኒ የምትባል ጄሊፊሽ (ልፍስፍስ የባሕር እንስሳ) አለች፣ ከትንሿ ጣታችን ጥፍር ታንሳለች። ስትጎዳ ወይም ስትራብ ወደ መጀመሪያው የእድገት ደረጃዋ ተመልሳ እንደ አዲስ ታድጋለች፣ ይሄንንም ደጋግማ ማድረግ ትችላለች። ዓሣ ሲበላት ግን ትሞታለች።

ሰው የሚዘነጋው ይሄንን ነው። አለማርጀት ማለት አለመሞት አይደለም። እስቲ ብዬ ካልኩሌተር አወጣሁና ሠራሁት። እርጅናም በሽታም ጠፋ እንበል፣ ግን መኪና አለ፣ ጎርፍ አለ፣ ከደረጃ መውደቅ አለ፣ ክፉ ሰው አለ፣ ይሄ ሁሉ ተደምሮ አንድ ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ የመሞት ዕድሉ ከ1000 አንድ ብቻ ነው ብለን እንያዝ። ግማሹ ሰው 700 ዓመት ሳይሞላው አልቋል። ከ1000 ሰው 5000 ዓመት የሚያዩት 6 ወይ 7 ቢሆኑ ነው። ስለዚህ ሳይንስ አለኝ የሚለን ነገር ሁሉ ቢሳካ እንኳ የምናገኘው የማቱሳላን እድሜ ነው፣ ማቱሳላም 969 ዓመት ኖሮ ሞተ። የበለጠ የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። ዛሬ መንገድ ስሻገር ሪስክ የማደርገው ምናልባት የቀረኝን 40 ወይ 50 ዓመት ነው። 3000 ዓመት ከፊቱ የሚጠብቀው ሰው ግን መንገድ ይሻገራል? አውሮፕላን ላይ ይወጣል? እሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ማን ይቀጠራል? ሞት ብርቅ የሆነበት ዓለም ሁሉም ሰው እቤቱ በር ቆልፎ የሚቀመጥበት ዓለም እንዳይሆን እሰጋለሁ፣ ረጅም እድሜ አግኝቶ በፍርሃት መጨረስ ማለት ነው።

ጥቅሙን ግን አናድበስብሰው። አንድ ቀዶ ጥገና ሐኪም እጁ እስኪፈታ ስንት ዓመት ይፈጅበታል፣ ከዛ ገና በደንብ ሲበስል ዓይኑ ይደክማል፣ እጁ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ ጡረታ። የሚቀጥለው ከዜሮ ይጀምራል። በየሙያው እንደዚህ ነው፣ የሰው ልጅ አብዛኛውን ጉልበቱን የሚጨርሰው የሞቱት ሰዎች ያውቁት የነበረውን ነገር እንደገና በመማር ነው። ከዛ ደግሞ ሁለተኛ ዕድል የሚባለው አለ። በ17 ዓመቱ የመረጠውን ሙያ እስከ ዕለተ ሞቱ ተሸክሞት የሚኖር ስንት ሰው አለ፣ በ45 ዓመቱ «አሁን ከዚህ በኋላ ምን ልጀምር» የሚል። 800 ዓመት ቢኖረው 45 ማለት ገና አንደኛ ክፍል ነው፣ መጀመሪያ መሐንዲስ ሆኖ ከዛ ሙዚቀኛ ከዛ ገበሬ ቢሆን ማን ይከለክለዋል።

ሌላ ማንም ብዙ የማያነሳው ጥቅም ደግሞ አለ። ከ100 ዓመት በኋላ ባሕሩ ይሄን ያህል ከፍ ይላል፣ ሙቀቱ እዚህ ይደርሳል ሲባል ጆሮ ዳባ ልበስ የምንለው ለምንድነው? ያኔ እኛ የለንማ። የሚያፈርሰው አንዱ፣ የሚከፍለው ሌላ። የራሱን ቆሻሻ ከ300 ዓመት በኋላ ራሱ የሚኖርበት መሆኑን የሚያውቅ ሰው ግን ሌላ ዓይነት ሰው ይሆናል ብዬ አስባለሁ። ማለቴ ጥሩ ሰው ስለሆነ አይደለም፣ ሂሳቡ እሱ ጋ ስለሚመጣ ብቻ።

ረጅም እድሜ የኑሮን ጣዕም ያጠፋል ለሚሉት ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅ። እ.ኤ.አ. በ1900 አካባቢ የዓለም አማካይ እድሜ ከ35 ዓመት በታች ነበር፣ አሁን ከ70 በላይ ነው (በርግጥ ቁጥሩን በብዛት ያነሳው የሕፃናት ሞት መቀነሱ ነው፣ ያኔም 80 የሚደርስ ሽማግሌ ነበረ)። በእጥፍ ጨምሯል ማለት ነው። ትርጉም አጣሁ ብሎ ትርፉን የመለሰ ሰው አላየሁም።

ይሰለቻል የሚለው ክርክርም ብዙ አያሳምነኝም። የሚሰለቸው ሰው ቅዳሜ ከሰዓትም ይሰለቻል፣ ለዛ ዘላለም አያስፈልገውም። ደግሞ እንረሳለን እኮ! በቅርቡ እቃ ሳስተካክል ልጅ እያለሁ የምጽፍበት ደብተር ተገኘ፣ ሽፋኑ ላይ የኳስ ተጫዋች ስቲከር የተለጠፈበት፣ አንድ ገጽ ላይ በትልልቅ ፊደል፣ ሁለቴ ተሰምሮበት፣ «ይቺን ቀን በሕይወቴ አልረሳትም!!!» ይላል። ከላይም ከታችም ምንም የለም። የቷ ቀን እንደሆነች፣ ምን እንደተፈጠረ፣ ደስታ ይሁን ውርደት፣ ላስታውስ ብዬ ብታገል አልመጣ አለኝ። እስክሪብቶው ወረቀቱን ሊቀድደው እስኪደርስ ተጭኖ የጻፈ ልጅ ነው፣ እኔ ነኝ ይባላል፣ አላውቀውም። እንግዲህ በዚህች አጭር እድሜ እንደዚህ ከሆንኩ ከ600 ዓመት በኋላ ያለው «እኔ» ምኔ ነው? ስሜን የወረሰ ሌላ ሰው አይደለም ወይ? አንዳንዴ ሳስበው ያ ልጅ ሞቷል፣ ማንም ሳያለቅስለት፣ እኔም ሳልሰማ። በዚህ ዓይን ካየነው ዘላለም መኖር ብንችል እንኳ አንችልም፣ ሰውነቱ ይቀጥል ይሆናል እንጂ ውስጡ ያለው ሰው በየጊዜው እየተቀየረ ነው። ይሄ ይረብሽ ይሆናል፣ እኔን ግን በሆነ መንገድ ቀለል ያደርገኛል።

ከመሰልቸት ይልቅ የሚያስፈራኝ ብቻ መቅረት ነው። አያቴ ከ90 በላይ ኖራለች። ስልኳ አጠገብ የምታስቀምጣት የስልክ ቁጥር ደብተር ነበረቻት፣ ጠርዟ ተበልቶ በፕላስተር የተያያዘች። ሰው ሲሞትባት ስሙን አትሰርዝም፣ አጠገቡ በእርሳስ ትንሽዬ መስቀል ታደርጋለች። ወደ መጨረሻ አካባቢ ገጹን ስገልጥ መስቀል የሌለበት ስም የኛ የልጆችና የልጅ ልጆቿ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። «እማማ፣ እነዚህን ለምን አታጠፊያቸውም?» ስላት «አጥፍቼ ከማን ጋር ልቀር?» አለችኝ። ሁላችንም ነበርንላት፣ ቤቱ ከሰው ጎድሎ አያውቅም፣ ግን አንዳችንም ልጅ ሆና አናውቃትም። በልጅነት ስሟ የሚጠራት፣ ስትሮጥ ያያት፣ የድሮ ቀልዷ ሳይብራራለት የሚገባው አንድ ሰው አልቀረም ነበር።

የእድሜ ሪከርዱን የያዘችው ፈረንሳዊቷ ዣን ካልማን እ.ኤ.አ. በ1875 ተወልዳ በ1997 ነው የሞተችው፣ 122 ዓመት ከ164 ቀን። ስለሷ ሲወራ ሁሌ የሚነሳው የአፓርታማዋ ወሬ ነው፦ በ90 ዓመቷ አንድ የሕግ ሰው እስክትሞት በየወሩ 2500 ፍራንክ ሊከፍላትና ስትሞት ቤቱን ሊወርስ ተዋዋለ፣ 30 ዓመት ከፍሎ እሱ ቀድሟት ሞተ፣ ሚስቱ መክፈል ቀጠለች። ያስቃል። እኔን የምትይዘኝ ግን ከዛ ጎን ያለችው ታሪክ ነች፣ አንድ ልጇ በ1934 ሞተችባት፣ አንድ የልጅ ልጇ በ1963፣ ከሱ በኋላ እሷ 34 ዓመት ኖራለች።

እሺ፣ ብቻ መቅረት ከሆነ ችግሩ ሁሉም ሰው ይኑራ! ይሄን ያለኝ ጓደኛዬ ነው፣ መልሱ ቀላል መስሎት። በዓለም ላይ ከ8 ቢሊዮን በላይ ሰው አለ፣ በዓመት ወደ 130 ሚሊዮን አካባቢ ይወለዳል፣ ወደ 60 ሚሊዮን ደግሞ ይሞታል። መሞቱን አቁማችሁ መወለዱን እንዳለ ብትተዉት በ60 ዓመት ግድም ሕዝቡ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ የሆነ ቦታ ላይ መውለድ ይቁም የሚል ሕግ ይመጣል፣ ወይም መውለድ በሎተሪ ይሆናል፣ ወይም ሀብታም ብቻ ይወልዳል። ሕፃን የሌለበት ዓለም፣ ሁሉም ሰው ሁሉንም ነገር አንዴ ያየበት።

ወንበርና ገንዘብስ? ከአሜሪካ መሥራቾች አንዱ የሆነው ቤንጃሚን ፍራንክሊን እ.ኤ.አ. በ1790 ሲሞት ለቦስተንና ለፊላደልፊያ ከተሞች ለእያንዳንዳቸው 1000 ፓውንድ ተናዞ ነበር፣ ለወጣት ባለሙያዎች በብድር እየተሰጠ ወለድ እያጠራቀመ 200 ዓመት እንዲቆይ። በ100 ዓመቱ ከፊሉ ወጥቶ እንኳ በ1990 የቦስተኑ ወደ 5 ሚሊዮን ዶላር፣ የፊላደልፊያው ወደ 2 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ደርሶ ተገኘ። ፍራንክሊን ሞቶ ነው ይሄ የሆነው። ባይሞትስ? ገንዘቡን ራሱ ይዞ፣ በየመቶ ዓመቱ እያባዛ የሚቀመጥ ሰው ጎን ዛሬ የተወለደ ልጅ ምን ብሎ ይወዳደራል? መሬቱ ተይዟል፣ ሥራው ተይዟል፣ አለቃህ 400 ዓመት ልምድ አለው፣ ጡረታ አይወጣም። አምባገነኑን ደግሞ ተዉት። ስንት ሕዝብ ነው «መቼም አንድ ቀን መሞቱ አይቀርም» እያለ ራሱን አጽናንቶ የኖረ። ከዘላለም ሕይወት ጉዳቶች ሁሉ ከባዱ ይሄ ይመስለኛል፣ ጥቅሙ ለሚኖረው ሰው ነው፣ ዋጋውን የሚከፍለው ቦታ ያጣው ነው።

ሦስተኛው ዓይነት፣ ቢፈልጉም መሞት የማይቻልበት፣ እሱን ብዙ አላወራበትም። ፀሐይ ቀስ በቀስ እየደመቀች ከ1 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በኋላ ውቅያኖሶቹን ታተናቸዋለች ይባላል፣ ከ5 ቢሊዮን ዓመት በኋላ ደግሞ ራሷ አብጣ ቀይ ግዙፍ ኮከብ ትሆናለች። ያኔም ቁጭ ብሎ የሚያይ ሰው መሆን አልፈልግም። መውጫ በር የሌለው ቤት በወርቅ ቢሠራም እስር ቤት ነው።

እስካሁን የጻፍኩትን ያነበበ ሰው «እንግዲህ ሞት ይሻላል እያልክ ነው» ሊለኝ ይችላል። አይደለም። «ለሕይወት ትርጉም የሚሰጣት ሞት ነው» የሚባለውን ነገር በጣም ነው የማልወደው። በጣም ያምራል፣ ፖስት ሲደረግ ላይክ በላይክ ነው። ግን ይሄን አባባል እናቱን ለቀበረ ሰው ሄዶ የሚናገር ማን አለ? «አይዞህ፣ አሁን ሕይወቷ ትርጉም አገኘ» ብሎ? አይባልም፣ ቢባል በጥፊ ያስመታል፣ ምክንያቱም ሁላችንም እውነት እንዳልሆነ እናውቃለን። ስለ ራሳችን ሞት ስናወራ ፈላስፎች ነን፣ ስለምንወደው ሰው ሞት ስናወራ ግን ፍልስፍናው ሁሉ ብን ይላል። እኔ ለራሴ ዘላለም ብትሰጡኝ ሳልወስን ሳስብ ሳስብ ዘላለሙ ራሱ ያልፍ ይሆናል። ለእናቴ ከሆነ ግን ወረቀቱን አምጡት፣ አሁኑኑ እፈርማለሁ፣ የሕዝብ ቁጥሩንም፣ የወለዱንም፣ የአምባገነኑንም ነገር ከፈረምኩ በኋላ እንነጋገርበታለን።

አንድ ቀን በጨዋታ መሃል ጠየቅኳት። መድኃኒት ቢገኝና ሳታረጂ፣ ሳያምሽ፣ እስከፈለግሽ ድረስ ብትኖሪስ? መጀመሪያ ሳቀችብኝ። ከዛ «እናንተስ?» አለች። እኛም እንበል። «እንበል አይደለም፤ መጀመሪያ እናንተ ውሰዱ፣ እኔ እያየሁ እወስዳለሁ።» አልቀለደችም። እሷ የምትፈራው መሞትን ሳይሆን ተራ መዛባትን ነው፣ የዣን ካልማን ዓይነት እድሜ ቢሰጣት አትቀበልም፣ ልጆቿ ካሉ ግን ዘላለምም አይበዛባትም። እና ሳስበው ማንም ለራሱ አይፈርምም፣ እኔ ለሷ እፈርማለሁ፣ እሷ ለኛ፣ እኛ ደግሞ ለልጆቻችን፣ እንደዚህ እየተያያዝን ሁላችንም ሳንፈልግ ተፈራርመን እንገኛለን፣ የሰልፉ መጨረሻ ላይ ያለው ደግሞ ቦታ ስለሌለ ያልተወለደው ልጅ ነው፣ ለሱ የሚፈርም የለም።

ይሄንኑ ነገርኳት። «እነሱስ ታዲያ? ሳይወለዱ የሚቀሩት?»

«እኔ የማውቀው የወለድኩትን ነው» አለችኝ፣ «ደግሞ አንተ እንኳን ላልተወለደ ልታስብ ስልክ ስደውልልህ አታነሳም።»